ፊፍዝ ዊል ካምፐርን ከፒክአፕ አቅም ጋር ማመጣጠን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን የመዝናኛ ቤት፣ ሊገዙ ያሰቡ ጓደኞቼ፣ አብዛኞቹ እንደኔ አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዱ፣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ሻጩም ሚዛኑም የሚያወራው በፓውንድ ስለሆነ ቁጥሮቹን በዚያው ትቻቸዋለሁ።

ፊፍዝ ዊል የሚባለው ካምፐር ከሌላው ተሳቢ በምን ይለያል?

ተራው ተሳቢ ካምፐር ከመኪናው ኋላ፣ ከመከላከያው ሥር በተገጠመ ኳስ ላይ ይታሰራል። ፊፍዝ ዊል ግን ከፊቱ ወደ ታች የወጣ ፒን አለው። ፒኑ ካሶኒው ውስጥ፣ ከኋላ አክስል በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ በተገጠመ ሂች (መያዣ ብረት) ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ያው ኪንግፒን፣ ያው መንጋጋ ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው።

ትርፉ መረጋጋት ነው። ነፋስ ሲመታው ወይም ትልቅ መኪና ጥሎት ሲያልፍ እንደ ኳስ ታሳሪው አይወዛወዝም። ዕዳው ደግሞ ክብደቱ ነው፦ ኳስ ላይ የሚታሰረው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን መኪናው ላይ ሲያሳርፍ፣ ፊፍዝ ዊል ከ15 እስከ 25 በመቶውን ያሳርፋል። ከዚህ በታች ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ሻጩ «ይሄ መኪና 15,000 ይስባል» ብሎኛል። ታዲያ 12,000 ካምፐር ቢጎትት ምን ችግር አለው?

መሳብ ሌላ፣ መሸከም ሌላ። ጋሪ ላይ የተጫነ አሥር ኩንታል ፈረስ ይጎትተዋል፤ አሥሩን ኩንታል ጀርባው ላይ ጫኑበት ብንባል ግን ማንም አይጭነውም። ፊፍዝ ዊል ሁለቱንም በአንዴ ይጠይቃል፦ መጎተቱንም፣ አንድ አምስተኛውን በጀርባ መሸከሙንም። 12,000 የሚመዝን ካምፐር 2,400 ገደማ ካሶኒው ላይ ያሳርፋል። ብዙ ባለ 2500 የናፍጣ ፒክአፖች (1500፣ 2500፣ 3500 የፒክአፕ የአቅም ደረጃዎች ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ አቅሙም ያድጋል) ደግሞ ሰዉንም ዕቃውንም ጨምሮ እንዲሸከሙ የተፈቀደላቸው ከዚያ ያነሰ ነው። የመሳቡ ቁጥር ገና ተርፎ ሳለ የመሸከሙ ቁጥር አልቆ ይገኛል።

የማስታወቂያው ቁጥር ውሸት አይደለም። ፋብሪካዎቹ የሚከተሉት ጄ2807 የሚባል የፈተና ደረጃ አለ፤ ቶዮታ በ2011 ሞዴል ቀድማ ተቀበለችው፣ ሌሎቹም ከ2015 ወዲህ ተከተሏት። አንዱ ፈተና አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የሚባለውን የ11.4 ማይል ዳገት ኤሲውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ፍጥነቱ ከ40 ማይል በታች ሳይወርድ መውጣት ነው። ከባድ ፈተና ነው። ግን መኪናው ውስጥ እንዳሉ የሚታሰቡት ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ይመዝናሉ ተብሎ ነው። እኔ ብቻዬን 150ውን ካለፍኩ ቆየሁ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉኝ።

የትኞቹን ቁጥሮች ነው የምፈልገው? የትስ ይገኛሉ?

የሹፌሩን በር ክፈቱና የበሩን ምሰሶ እዩ። ሁለት ስቲከር ታገኛላችሁ። በአንደኛው ላይ ጂቪደብልዩአር የሚል አለ፤ ይህ መኪናው ሰዉን፣ ዕቃውንና የፒኑን ክብደት ሁሉ ይዞ ሊደርስ የሚችልበት የክብደት ጣሪያ ነው። እዚያው የፊትና የኋላ አክስል ገደቦች ለየብቻ ተጽፈዋል። ሁለተኛው ቢጫ ምልክት ያለበት የጎማ ስቲከር ነው፤ የመኪናው የመሸከም አቅም፣ ፔይሎድ የሚሉት፣ እዚያ ላይ በአንድ ቁጥር ተቀምጧል። የጠቅላላ ክብደት ጣሪያቸው ከ10,000 የሚያልፍ መኪኖች ይህ ስቲከር ላይኖራቸው ይችላል። ያኔ መኪናውን መዝናችሁ ከጣሪያው ላይ ትቀንሳላችሁ።

የመሳብ አቅሙና መኪናው ከካምፐሩ ጋር ተደምሮ የሚፈቀድለት ጥምር ክብደት ግን በሩ ላይ የለም። ፋብሪካው በየዓመቱ በሚያወጣው የመጎተቻ መመሪያ ውስጥ በሞተሩ፣ በዲፈረንሻሉ ሬሾ፣ በጋቢናውና በካሶኒው ርዝመት ተከፋፍሎ ይገኛል። ብሮሹር ሽፋን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዚያ ሰንጠረዥ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ፎርድ ኤፍ-450 በ2023 ሞዴል 40,000 ይስባል ሲባል ስለ አንድ የተለየ ግጣም ነው የሚወራው፣ ስለ ጎረቤታችሁ መኪና አይደለም። ሁለት መንትያ የሚመስሉ መኪኖች እንኳ የአንዱ ጣሪያ መስታወት ስለሆነና ወንበሩ ቆዳ ስለሆነ የመሸከም አቅማቸው ይለያያል። ስለዚህ የምትገዙትን መኪና በር ራሱን ክፈቱ፤ የሞዴሉን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ።

ስቲከሩ ላይ ያለው የመሸከም አቅም ሹፌሩን ይጨምራል? ነዳጁስ?

ሹፌሩ ይቆጠራል። ጽሑፉ የሚለው የሰዎችና የጭነት ድምር ክብደት ከዚህ ማለፍ የለበትም ነው፤ መሪ የያዘውም ሰው ነው። ነዳጅ ግን አይቆጠርም፣ ፋብሪካው ክብደቱን የሚይዘው ታንኩ ሞልቶ ነው።

መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረ ነገር ሁሉ ከዚያው ቁጥር ይቀነሳል፦ ሂቹ ራሱ (የብረቱ ዓይነት ከ100 እስከ 200 ይመዝናል)፣ የካሶኒ ክዳን፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ተጨማሪ ታንክ። ናፍጣ በጋሎን 7 ፓውንድ ገደማ ነው፤ 50 ጋሎን የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ ብረቱ ሳይቆጠር 350 ይበላል። ውሻ ካላችሁ እሱም ይቆጠራል።

የፒኑን ክብደት ካምፐሩን ሳልገዛ እንዴት ላውቅ?

ሳይመዘን በልኩ አይታወቅም፣ ግን ደህና ግምት አለ። የካምፐሩን የክብደት ጣሪያ፣ ማለትም ጭነቱን ሁሉ ይዞ እንዲደርስ የተፈቀደለትን፣ በ0.20 አባዙት። ጠንቀቅ የሚል ሰው በ0.22 ያባዛል። ብሮሹሩ ላይ የታተመውን የፒን ክብደት ግን ለሒሳብ አትጠቀሙበት፤ እሱ ካምፐሩ ባዶውን ሳለ የተለካ ነው።

ባዶው ለምን ያሳስታል ብትሉ፣ የፊፍዝ ዊል ትልቁ ዕቃ ማስቀመጫ ከፊት፣ ከመኝታ ክፍሉ ሥር ነው። ቁምሣጥኑም ከፊት ነው። ጄኔሬተርና ባትሪም ብዙ ጊዜ እዚያው ይሰገሰጋሉ። የምትጭኑት ዕቃ አብዛኛው ወደ ፒኑ ይሄዳል፤ ባዶውን 18 በመቶ የነበረው ሲጫን 20 እና 21 ይሆናል። ሞተር ሳይክል ማስገቢያ ጋራዥ ከኋላው ያላቸው ደግሞ ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። ጋራዡ ባዶ ሲሆን ፒኑ ይከብዳል፣ ሞተር ሳይክሉ ሲገባ ፒኑ ይቀላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሁኔታ ማስላት ያስፈልጋል።

ሒሳቡን አንዴ በቁጥር አሳየን።

የራሴን የመጀመሪያ መኪና ልውሰድ። ባለ 2500 ናፍጣ፣ ባለ አራት በር፣ ጣሪያው 10,000፣ ስቲከሩ ላይ የመሸከም አቅሙ 2,150።

እኔ 185፣ ባለቤቴ 150፣ ሁለቱ ልጆች አንድ ላይ 145። ድምር 480። ሂቹ 160። ካሶኒው ውስጥ የማይወጡ ዕቃዎች፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ የመንኮራኩር ሽብልቅ፣ ትንሽ ጄኔሬተር፣ 120። ሁሉም 760 ሆነ። 2,150 ሲቀነስ 760፣ ለፒኑ የቀረው 1,390 ነው። 1,390ን በ0.20 ስናካፍል 6,950 ይመጣል። ያ መኪና በወረቀት 15,000 ይስባል የተባለው ነው፤ ቤተሰቤን ይዞ በሕጋዊ ልኩ የሚችለው የተጫነ ፊፍዝ ዊል ግን 7,000 እንኳ አይሞላም።

ያንኑ ሒሳብ የመሸከም አቅሙ 3,900 በሆነ ባለ 3500 ነጠላ ጎማ ላይ ብትሠሩት ለፒኑ 3,140 ይተርፋል፤ ካምፐሩ 15,700 ሊደርስ ይችላል። ኋላው ጥንድ ጥንድ ጎማ ያለውና 5,500 የሚሸከም ከሆነ ደግሞ 23,700። ያኔ ግን የመሳብ አቅሙና ጥምር ክብደቱ ቀድመው ሊያልቁ ስለሚችሉ እነሱንም ማየት ግድ ይላል። ከሁሉም ትንሹን ቁጥር ነው የምትወስዱት።

ባዶ ክብደቱ ከመኪናዬ አቅም በታች ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ዕቃ አንይዝም። አይበቃም?

«ብዙ ዕቃ አንይዝም» ያለኝ ሰው ሁሉ ሲመዘን ይገርመዋል። ውሃ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ነው፤ 50 ጋሎን ታንክ ሲሞላ ከ400 በላይ። ባለ 30 ፓውንድ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ጋዙ ብቻ 60። ባትሪ፣ የውሃና የፍሳሽ ቱቦ፣ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ማብሰያ፣ አልጋ ልብስ።

በዚያ ላይ እኛ ስንወጣ እንደኛ ነው የምንወጣው። ባለ 25 ፓውንድ ጤፍ ከረጢት ሁለት፣ ምጣዱ፣ ረከቦቱ ከነሲኒው፣ ከሰል፣ ባለ 24 የታሸገ ውሃ ሦስት ካርቶን፣ ለሦስት ቤተሰብ የሚበቃ ሥጋ ያለበት ማቀዝቀዣ። የኔ ካምፐር ብሮሹሩ ላይ 8,900 ነበር፤ ለጉዞ ተነሥቶ ሲመዘን 10,960 ሆነ። ከ2,000 በላይ ዕቃ ማለት ነው፣ ዘጠኝ ኩንታል ከምናምን፣ አንድም ቀን «ይሄ ከባድ ነው» ብዬ ያነሣሁት ዕቃ ሳይኖር። ስለዚህ ስታሰሉ የካምፐሩን ጣሪያ ያዙ፣ ባዶውን እርሱት።

ባለ 1500 ፒክአፕ ፊፍዝ ዊል መሳብ ይችላል? «ለግማሽ ቶን የሚሆን» (ግማሽ ቶን የሚሉት ይህንኑ 1500 ነው) ተብለው የሚሸጡ አሉ።

አሉ። ስሙን የሚያወጣው ግን ካምፐሩን የሠራው ፋብሪካ ነው እንጂ መኪናችሁን የሠራው አይደለም። ለባለ 1500 ተብለው የሚሸጡት ሲጫኑ ብዙ ጊዜ ከ8,000 በላይ ይሆናሉ፤ ፒናቸው 1,600 እና ከዚያ በላይ። አብዛኛው ባለ አራት በር 1500 ደግሞ ሰዉን ጨምሮ የሚሸከመው ከዚህ ያነሰ ወይም ከዚህ ብዙም የማይርቅ ነው። የከባድ ጭነት ግጣም ተመርጦለት የመሸከም አቅሙ ከ2,000 በላይ የሆነ 1500 ከሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ፣ ትንሽ ካምፐር ያስኬዳል። ቤተሰብ ያለው ሰው በዚህ ክብደት ኳስ ላይ የሚታሰረውን ቢገዛ ይሻለዋል።

ናፍጣ ልግዛ ወይስ ቤንዚን?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው፦ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ቢበዛም ራሱ ከባድ ነው። ጣሪያው እኩል በሆነ ባለ 2500 ላይ ናፍጣውን ስትመርጡ የሞተሩ ተጨማሪ ክብደት በቀጥታ ከመሸከም አቅሙ ይቀነሳል። ስለዚህ የቤንዚኑ 2500 ከናፍጣው ወንድሙ የበለጠ ሊሸከም ይችላል። የመሳብ ቁጥሩ አድጎ የመሸከሙ ቁጥር ሲያንስ ማለት ነው።

ተራራ የምትወጡ ከሆነ ናፍጣ፣ እሱም ባለ 3500። ሜዳ ላይ በዓመት ሦስት ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ቤንዚኑ ይበቃል፣ ገንዘቡም ይተርፋችኋል።

የትና እንዴት ነው የምመዝነው?

ሹፌሮች በምናውቀው፣ ካት ስኬል በሚባለው የከባድ መኪና ሚዛን። በፓይለትና በፍላይንግ ጄ፣ በሌሎችም ትራክ ስቶፖች አለ፤ ካምፐር ይዞ መግባት ይቻላል። ዋጋው 15 ዶላር ገደማ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚያው ተመልሳችሁ ስትመዝኑ ጥቂት ዶላር ብቻ ትጨምራላችሁ። በስልክ አፕሊኬሽኑ ከከፈላችሁ ወረቀት ለመቀበል መውረድም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ለጉዞ እንደተነሣችሁ ሆናችሁ ውጡ፦ ሰዉ ተቀምጦ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ ውሃና ዕቃው ተጭኖ። የፊት ጎማው የመጀመሪያው የሚዛን ሰሌዳ ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የካምፐሩ ጎማዎች ሦስተኛው ላይ ይቁሙ። ከዚያ ካምፐሩን ማቆሚያ ቦታ ላይ ፈትታችሁ መኪናውን ብቻውን፣ ሰዎቹ እንደተቀመጡ፣ ደግማችሁ መዝኑ። ሚዛኑ ላይ አትፍቱት፤ ከኋላ የተሰለፈው ሹፌር ምን እንደሚላችሁ ታውቃላችሁ።

የኔ ወረቀት እንዲህ ይላል። መኪናው ብቻውን፦ ፊት 4,900፣ ኋላ 3,710፣ ድምር 8,610። ካምፐሩ ታስሮ፦ ፊት 4,850፣ ኋላ 5,960፣ የካምፐሩ ጎማዎች 8,760። የመኪናው ሁለት አክስሎች ድምር አሁን 10,810 ነው። ከ10,810 ላይ 8,610 ሲቀነስ 2,200፤ ይህ የፒኑ ክብደት ነው። 8,760 ሲደመር 2,200፣ ካምፐሩ በሙሉ 10,960። ፒኑ 20 በመቶ ሆነ ማለት ነው። መኪናው ከጣሪያው በ810 አልፏል፣ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ። በሥራ ቀን ለከባድ መኪናዬ ከተፈቀደው 80,000 ፓውንድ ሳላልፍ በየሚዛኑ የማልፍ ሰው፣ ቅዳሜ ልጆቼን አሳፍሬ ከልክ በላይ ጭኜ ስሄድ ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመሳብ ቁጥር በጣቱ እያሳየኝ ነበር፤ በሩን አልከፈተም፣ እኔም አልከፈትኩም።

ከባሌስትራው ጋር የአየር ከረጢት ብገጥምበት አቅሙ አይጨምርም?

አይጨምርም። ኋላው እንዳይሰምጥ፣ መብራቱ ሰማይ እንዳያይ ያደርጋል፤ ይህ ራሱ ጥሩ ነገር ነው። ግን አክስሉ፣ ፍሬኑ፣ ቸርኬው፣ ጎማውና ሻንሲው እነዚያው ናቸው፤ በሩ ላይ ያለውም ቁጥር ያው ነው። እንዲያውም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ከልክ በላይ መጫናችሁን ከዓይናችሁ ይሰውራል።

አጭር ካሶኒ ያለው መኪና ያስቸግራል?

በጠባብ ቦታ ስትዞሩ የካምፐሩ አፍንጫ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊሰብር ይችላል። 8 ጫማ ካሶኒ ላይ ጭንቀት የለም። 6 ጫማ ተኩል ከሆነ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሂች ግዙ፣ ክብደቱንም ከመሸከም አቅሙ መቀነስ አትርሱ።

የካምፐሩ ጎማስ?

ካምፐሮች ለራሳቸው የክብደት ጣሪያ ለጥቂት የሚበቁ ጎማዎች ይዘው ነው የሚወጡት፤ ብዙ ትርፍ የላቸውም። እያንዳንዱ ጎማ ጎኑ ላይ የሚሸከመው ክብደትና ለዚያ የሚያስፈልገው አየር ተጽፏል። የአሮጌዎቹ ፍጥነት ብዙ ጊዜ በ65 ማይል የተገደበ ነው፤ በፍሪዌይ ላይ ከሰዉ ጋር እኩል ልሂድ ያለ ሰው ነው ጎማ የሚፈነዳበት። የተሠራበትን ጊዜ ከአራቱ አሃዝ አንብቡ፦ 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከሄደ ቀይሩት።

«ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አትጫን» የሚሉትስ?

ሕግ አይደለም፣ የጥንቃቄ ልማድ ነው። ለመሳብ አቅሙ እኔም እከተለዋለሁ፣ በተለይ ተራራ ላይ። ለመሸከም አቅሙ ግን የተመዘነ ቁጥር ካላችሁ 100 ፓውንድ ትርፍ እንኳ ቢቀር ከገደቡ በታች ናችሁ። ይህን ልማድ አንዳንዱ መመዘንን ለማስቀረት ይጠቀምበታል፤ ግምት ላይ 20 በመቶ ቢጨመርበት ያው ግምት ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ ነው የምኖረው። ከፍታው ይህን ሒሳብ ይለውጠዋል?

የመሸከሙን አይለውጥም፣ የመሳቡን በጣም ይለውጣል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ ከሞተሩ ሲሶ የሚጠጋው ጠፍቷል። ቱርቦ ያለው ብዙም አይጎዳም።

የሚያስፈራው ግን መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው ቁልቁለት 7 በመቶ ይደርሳል፤ ፍሬን ላጣ ከባድ መኪና የተሠራው የጠጠር መውጫ እዚያ ያለው በከንቱ አይደለም። ከጫፉ በፊት ማርሽ ቀንሱ፣ ኤግዞስት ብሬክ (ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲያዘገይ የሚያደርግ) ካለ አብሩት፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትያዙት፤ አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ፍጥነቱን አውርዱና ልቀቁት። የካምፐሩ ፍሬን መቆጣጠሪያ በትክክል መስተካከሉን ሜዳ ላይ ፈትኑ። የካምፐሩ ፍሬን የማይሠራ ከሆነ አሥር ሺሕ ፓውንድ ከኋላ እየገፋችሁ ነው የምትወርዱት። አንድ ጊዜ የፊት ቸርኬዬ ጭስ ሲያወጣ ሲልቨርቶርን ነዳጅ ማደያ ቆሜ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዣለሁ፤ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ልጆቼ እስካሁን «የተራራው ሽታ» ይሉታል።

ለዚህ ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያስፈልጋል?

ለግል መዝናኛ በአብዛኛው አያስፈልግም፣ ግን ግዛቱ ይወስነዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ10,000 በላይ እስከ 15,000 ጣሪያ ያለው ፊፍዝ ዊል በተራው መንጃ ፈቃድ ላይ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ15,000 ካለፈ የንግድ ያልሆነ ክላስ ኤ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቴክሳስ ውስጥ ድምሩ ከ26,000 ካለፈና ተሳቢው ከ10,000 በላይ ከሆነ የንግድ ያልሆነ ክላስ ኤ ነው። ክላስ ኤ ሲዲኤል ያለው ሹፌር በዚህ አይቸገርም። ባለቤታችሁም እየተቀያየረች የምትነዳ ከሆነ ግን የሷን መንጃ ፈቃድ እዩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

የኋላ አክስሉ ገደቡን አላለፈም፣ ጠቅላላው ጣሪያ ግን አልፏል። ያን ያህል ያስጨንቃል?

ክርክር የማያልቅበት ጥያቄ ይህ ነው። የኔም መኪና እንደዚያ ነበር፦ የኋላ አክስሉ 6,500 ተፈቅዶለት 5,960 ነው የያዘው። «አክስሉና ጎማው እስከቻለ ድረስ ጣሪያው ወረቀት ነው» የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አለበት። ፋብሪካዎች አንዳንድ ባለ 2500 እና ባለ 3500 መኪኖችን ጣሪያቸው ከ10,000 እንዳይበልጥ አድርገው የሚጽፉት መኪናው ስለማይችል አይደለም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የምዝገባ ክፍያውና የንግድ መኪና ደንቡ ስለሚከብድ ነው። ያው ባሌስትራና ያው አክስል ያለው መኪና በሌላ ስቲከር 11,000 ተብሎ ታገኙታላችሁ።

እኔ ግን የማልቀበልበት ምክንያት አለኝ። ጣሪያው የሚወሰነው በአክስል ብቻ አይደለም፣ ፍሬኑም ሻንሲውም አብሮ ይታሰባል፤ የትኛው እንደገደበው ደግሞ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ላውቅ አልችልም። አደጋ ቢደርስና ነገሩ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሌላው ወገን ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነበው በሩ ላይ ያለውን ስቲከር ነው። በሥራው ሲዲኤል የያዘ ሰው ደግሞ «አላውቅም ነበር» ቢል ማን ያምነዋል?

ካምፐሩን ገዝቼዋለሁ፣ ሲመዘን ከልክ በላይ ሆነ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ በነፃ የሚቀንሰውን ቀንሱ። ውሃውን እዚያው ካምፕ ስትደርሱ ሙሉት። የፊት ማከማቻውን ዕቃ ወደ ካምፐሩ ጎማዎች አቅራቢያ አዛውሩት። ሁሉንም ወደ ኋላ ጫፍ ግን አትግፉ፤ ፒኑ ከ15 በመቶ በታች ከወረደ የፊፍዝ ዊል መረጋጋቱ ይጠፋል። ሂቹን በአሉሚኒየም መቀየር 100 ገደማ ያተርፋል። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ 810ዋን ወደ 350 አወረድኳት፤ ዜሮ አልሆነችም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ወይ ካምፐሩን ማሳነስ ወይ መኪናውን ማሳደግ ነው። ባለቤቴ ካምፐሩን አልሰጥም አለች። መኪናውን ሸጬ ያገለገለ ባለ 3500 ነጠላ ጎማ ገዛሁ። በዚህኛው ጊዜ ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት እያወራ ሳለ በሩን ከፍቼ ስቲከሩን በስልኬ አነሣሁት፦ 3,900። ያው 760፣ ያው 2,200፤ 940 ተረፈ። ምጣዱንም መለስኩት።